የአንዲት ደሴት ሁለት ልጆች

ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ አንድ ደሴት ለሁለት ተካፍለው የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። አንዷ የቱሪስት መናኸሪያ፣ ሌላዋ የመከራ ዜና መነሻ የሆነችው ለምንድን ነው?

ቤታችሁ የዓለም ካርታ ካለ ልጆቻችሁን ጥሩና አብራችሁ ተመልከቱት። ጣታችሁን ከአሜሪካዋ ፍሎሪዳ አንስታችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ውሰዱት። ኩባን በቀኝ ትታችሁ ትንሽ ስትሄዱ አንዲት ተለቅ ያለች ደሴት ታገኛላችሁ። ስሟ ሂስፓኒዮላ ነው። 76,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ይህች ደሴት በካሪቢያን ባሕር ከኩባ ቀጥላ ሁለተኛዋ ትልቅ ደሴት ናት። መሃሏ ላይ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ተራራ እየወጣና ወንዝ እየተከተለ የሚሄድ የድንበር መስመር አለ። ከመስመሩ በስተ ምዕራብ ያለው ሲሶ ሄይቲ ነው፤ በስተ ምሥራቅ ያለው ቀሪው ክፍል ደግሞ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ። በሁለቱም አገሮች በእያንዳንዳቸው ወደ 11 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይኖራል።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ በ2023 ብቻ ከ10 ሚሊዮን በላይ ጎብኚዎችን ተቀብላለች። የሄይቲ ስም የሚነሳው ግን በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በታጠቁ የወሮበላ ቡድኖችና በስደት ነው። በ1960 አካባቢ የሁለቱ አገሮች የነፍስ ወከፍ ገቢ ተቀራራቢ ነበር። ዛሬ የዶሚኒካኑ ገቢ የሄይቲውን በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

እኔ የምሠራው በገበያና ማስታወቂያ ዘርፍ ነው። በእኛ ሙያ አንድ ዓይነት ዕቃ በሁለት ስም ቀርቦ አንዱ ተሽጦ ሲያልቅ ሌላው መደርደሪያ ላይ ሲቀር ማየት የተለመደ ነው። የሂስፓኒዮላ ነገር ግን ከስምና ከማሸጊያ ያለፈ ነው። አንድ ትልቅ የመርከብ ኩባንያ በሰሜን ሄይቲ ላባዲ በሚባል ቦታ የታጠረ የመዝናኛ ዳርቻ ተከራይቶ ለዓመታት መንገደኞቹን ሲያወርድ ኖሯል። በአንድ ወቅት በማስታወቂያው ላይ ቦታውን የሚጠራው «ሂስፓኒዮላ» እያለ ነበር፤ «ሄይቲ» የሚለው ስም ገበያ ያርቃል ተብሎ ተሰግቶ መሆኑ ነው። አሸዋው ያው አሸዋ፣ ባሕሩም ያው ባሕር ነው። ታዲያ አንድ ስም እንዲህ እስኪፈራ ድረስ ምን ደረሰበት? መልሱን ለማግኘት ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተራሮች ምድር

ከኮሎምበስ በፊት በደሴቲቱ ላይ የሚኖሩት ታይኖ የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ። በቆሎና ካሳቫ ያመርታሉ፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ በአለቆቻቸው ሥር በተለያዩ ግዛቶች ተከፋፍለው ይኖራሉ። ለደሴቲቱ ካወጡላት ስሞች አንዱ «አይቲ» ሲሆን ትርጉሙ የተራሮች ምድር ማለት ነው። የዛሬዋ ሄይቲ ስም የመጣው ከዚሁ ነው። እኛ ትምባሆ የምንለው ቃልና ባርቤኪው የሚለው ቃል ሥራቸው ከታይኖዎች ቋንቋ እንደሆነ ይነገራል።

ክሪስቶፈር ኮሎምበስ በታኅሣሥ 1492 ደረሰ። ደሴቲቱንም በስፔን ስም «ላ ኢስላ ኤስፓኞላ» ብሎ ሰየማት። በፈረንጆች ገና ዋዜማ ሌሊት ሳንታ ማሪያ የተባለችው መርከቡ በሰሜኑ ዳርቻ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ተቀርቅራ ቀረች። ከመርከቧ እንጨት ትንሽ ምሽግ ሠርቶ 39 ሰዎችን ትቶ ሄደ። በዓመቱ ሲመለስ ምሽጉ ተቃጥሎ፣ ሰዎቹም ሞተው አገኛቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነበር። በ1490ዎቹ መጨረሻ የሳንቶ ዶሚንጎ ከተማ ተቆረቆረች። ይህች ከተማ አውሮፓውያን በአሜሪካ ምድር ከመሠረቷቸውና ሳይቋረጥ ሰው ከኖረባቸው ከተሞች የመጀመሪያዋ ናት። የአሜሪካ አህጉር የመጀመሪያው ካቴድራል የተሠራው እዚያ ነው። ዛሬ አሮጌው የከተማዋ ክፍል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ ጎብኚዎች በጠጠር ንጣፍ መንገዶቹ ላይ ሲንሸራሸሩ ይውላሉ።

ለታይኖዎቹ ግን የመጨረሻው መጀመሪያ ነበር። ስፔናውያኑ ሕዝቡን እየተከፋፈሉ በወርቅ ቁፋሮና በእርሻ ላይ በግዳጅ አሠሩት። አናካኦና የተባለች ሴት አለቃቸው በ1503 በስቅላት ተገደለች። በ1511 አንቶኒዮ ዴ ሞንቴሲኖስ የተባለ መነኩሴ ሳንቶ ዶሚንጎ ውስጥ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ገዢዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው እየሰሙት፣ እነዚህን ሰዎች በምን ሥልጣን እንዲህ እንደሚያሠቃዩአቸው ጠየቃቸው። ጥያቄው ቁጣ እንጂ መልስ አላገኘም። በ1518 የፈንጣጣ ወረርሽኝ ገባ። ከኮሎምበስ መምጣት በኋላ ሁለት ትውልድ ሳያልፍ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የተረፈው እጅግ ጥቂት ነበር። የሥራ ጉልበቱን ለመተካትም አፍሪካውያን በሰንሰለት እየታሰሩ መምጣት ጀመሩ። በ1521 መጨረሻ፣ የኮሎምበስ ልጅ በሆነው በዲዬጎ የሸንኮራ እርሻ ላይ ባሮቹ አመፁ። በአሜሪካ ምድር ከተመዘገቡት የአፍሪካውያን አመፆች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው።

ደንበኛውን ያባረረው መንግሥት

ደሴቲቱ ለሁለት የተከፈለችው በጦርነት ብቻ አይደለም። አንዱ ትልቅ ምክንያት የንግድ ስህተት ነው።

ስፔን ሜክሲኮንና ፔሩን ካገኘች በኋላ ልቧ ወደዚያ ወርቅና ብር ሄደ። የስፔን ነጋዴ መርከቦች በሂስፓኒዮላ ሰሜንና ምዕራብ ወደሚገኙ ወደቦች የሚመጡት ከስንት አንዴ ሆነ። የአካባቢው ሰዎች የከብት ቆዳቸውን ለማን ይሽጡ? ጨርቅና መሣሪያስ ከማን ይግዙ? ከሆላንድ፣ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ መርከቦች ጋር በድብቅ መገበያየት ጀመሩ። ኮንትሮባንድ መሆኑ ነው።

የስፔን ንጉሥ መፍትሔ አስገራሚ ነበር። አገልግሎቱን ማሻሻል ሲገባው ደንበኛውን አባረረ። በ1605 እና በ1606 አንቶኒዮ ኦሶሪዮ የተባለው ገዢ በሰሜንና በምዕራብ የነበሩትን ከተሞች አቃጥሎ ሕዝቡን በግዴታ ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ አካባቢ አዛወረ። የደሴቲቱ ምዕራብ ባዶ ሆነ። ባለቤት ያጡት ከብቶች በየጫካው ተራቡ። እነሱን እያደኑ ሥጋቸውን በጢስ የሚያደርቁ ፈረንሳውያንና ሌሎች ጀብደኞች ቦታውን ያዙት። ብዙዎቹ የባሕር ላይ ወንበዴዎችም ነበሩ። ከእነሱ በኋላ ገበሬው፣ ከገበሬው በኋላም የፈረንሳይ መንግሥት መጣ። በ1697 በሪስዊክ ስምምነት ጦርነቱ ሲያበቃ ስፔን የፈረንሳይን ይዞታ ተቀብላ ዝም አለች። ድንበሩ በውል የተሰመረው በ1777 ነው።

አንዱ ቤት በዚህ ሁኔታ በሁለት አባወራ እጅ ገባ።

የጣፋጩ ነገር መራራ ዋጋ

ፈረንሳይ ድርሻዋን ሳን-ዶማንግ ብላ ጠራችው፤ በመቶ ዓመት ውስጥም የዓለም ሀብታም ቅኝ ግዛት አደረገችው። በ1780ዎቹ አውሮፓ ከምትጠቀመው ስኳር 40 በመቶ ያህሉ፣ ከቡናው ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከዚህች ትንሽ ምድር ይመጣ እንደነበር ይገመታል።

ቡናውን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ከእኛ ጫካ ወጥቶ በየመን በኩል ዓለምን የዞረው ተክል በሆላንዶች እጅ አምስተርዳም፣ ከዚያም ፓሪስ ደረሰ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታትም ፈረንሳውያን ወደ ካሪቢያን ደሴቶቻቸው ወስደው ተከሉት። እዚህ አገር ጎረቤት ተጠራርቶ የሚጠጣው ቡና እዚያ በአለንጋ ይለቀም ነበር።

በ1789 በሳን-ዶማንግ በባርነት ሥር የነበሩት ሰዎች ወደ 500,000 ይጠጉ ነበር። ነጮቹ 40,000 አይሞሉም። በመሃል ደግሞ 30,000 የሚሆኑ ነጻ ጥቁሮችና ክልሶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ራሳቸው ባለ እርሻና ባለ ባሪያ ነበሩ። የሸንኮራ ሥራው ሰው ይበላል። የሚሞተው ከሚወለደው ስለሚበልጥ መርከቦች በየጊዜው አዳዲስ ሰዎችን ከአፍሪካ ያመጡ ነበር። ከባሮቹ አብዛኞቹ አፍሪካ ውስጥ የተወለዱ፣ የነጻነት ኑሮን የሚያስታውሱ ሰዎች የሆኑትም ለዚህ ነው።

በምሥራቁ የስፔን ክፍል ሕይወት ሌላ መልክ ነበራት። እዚያ ዋናው ሥራ ከብት ማርባት ነው። ሕዝቡ ትንሽ፣ ንግዱም ቀዝቃዛ ነበር። ባርነት ቢኖርም የባሮቹ ቁጥር ከምዕራቡ ጋር አይወዳደርም፤ ጌታውና ባሪያው ጎን ለጎን ከብት የሚያግዱበት፣ የሚጋቡበትና የሚዋለዱበት ድሃ ግዛት ነበር። የዛሬው የዶሚኒካን ሕዝብ በአብዛኛው ቅይጥ የሆነው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው። የሁለቱ ወገኖች ጠባይ መለያየት የጀመረው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

ጌታቸውን ያሸነፉ ባሮች

በነሐሴ 1791 በሰሜኑ ሜዳ የሸንኮራ እርሻዎች በእሳት ተያያዙ። ቡክማን በተባለ መሪ የተጀመረው አመፅ በሳምንታት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ እርሻዎችን አወደመ። ከአመፁ ውስጥ ቱሴን ሉቨርቱር የሚባል ሰው ወጣ። በባርነት ተወልዶ ነጻ የወጣ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ፈረስና ሰው መምራት የሚያውቅ ሰው ነበር። ፈረንሳይ በ1794 ባርነትን መሻሯን ስታውጅ ከእሷ ጎን ቆሞ ስፔኖችንና እንግሊዞችን ተዋጋ። በ1801 ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ ዘልቆ ደሴቲቱን በሙሉ በአንድ አስተዳደር ሥር አዋለ።

ናፖሊዮን ግን ይህን አልታገሰም። በ1802 ትልቅ ጦር ላከ። ቱሴን ለንግግር ተጠርቶ በተንኮል ተያዘ፤ ወደ ፈረንሳይ ተወስዶም በሚያዝያ 1803 በቀዝቃዛ ተራራ ላይ በሚገኝ እስር ቤት ሞተ። ባርነት ሊመለስ መሆኑን ሕዝቡ ሲረዳ ትግሉ እንደገና ገነፈለ። ቢጫ ወባም የፈረንሳይን ወታደር ረፈረፈው። በኅዳር 1803 ቬርቲዬር ላይ በተደረገው ውጊያ የናፖሊዮን ጦር ተሸነፈ። ጥር 1 ቀን 1804 ዣን-ዣክ ደሳሊን ጎናይቭ በተባለች ከተማ ነጻነትን አወጀ፤ አገሪቱም የጥንት ስሟን መልሳ ሄይቲ ተባለች። በባርነት የተያዙ ሰዎች አመፅ አገር ሆኖ የተቋቋመበት ብቸኛው የታሪክ ምሳሌ ይህ ነው።

ታሪኩን ለልጆች ስንነግር ግን ጥላውንም መደበቅ አይገባም። ደሳሊን በ1804 በአገሪቱ የቀሩትን አብዛኞቹን ፈረንሳውያን፣ ሴቶችና ሕፃናትን ጨምሮ፣ አስገድሏል። በ1805 ፈረንሳውያን ገና ይዘውት የነበረውን ምሥራቁን ለመያዝ ዘምቶ ሳይሳካለት ሲመለስ ሠራዊቱ በሞካና በሳንቲያጎ ከተሞች ብዙ ሰላማዊ ሰዎችን ገደለ። ዶሚኒካኖች ይህን እስከ ዛሬ አልረሱትም።

የነጻነት ሂሳብ ደረሰኝ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የንግድ ሥራ አስተዳደር ስንማር ስለ ዕዳ ብዙ አንብበናል፤ እንደዚህ ያለ ዕዳ ግን በመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ውስጥ አልነበረም።

ነጻይቱን ሄይቲ ለሃያ ዓመት የሚያውቃት መንግሥት ጠፋ። አሜሪካ እንኳ ዕውቅና የሰጠቻት በ1862 ነው፤ የባሮች ማሸነፍ በራሷ እርሻዎች ላይ እንዳይዛመት ፈርታለች። በሐምሌ 1825 የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ፖርት-ኦ-ፕራንስ ፊት ለፊት መልሕቃቸውን ጣሉ። ይዘውት የመጡት የንጉሥ ቻርልስ አሥረኛን ደብዳቤ ነው፤ ፈረንሳይ ነጻነታችሁን ትቀበላለች፣ ለዚህም 150 ሚሊዮን ፍራንክ በአምስት ዓመት ትከፍላላችሁ ይላል። ክፍያው ለቀድሞዎቹ የእርሻ ባለቤቶች ኪሳራ ማካካሻ ነው። ከኪሳራው ውስጥ ባሮቹም እንደ ንብረት ተቆጥረዋል። ነገሩን ወደ ቤታችን ብናመጣው፣ ታግቶ የነበረ ሰው ራሱን ነጻ ካወጣ በኋላ ላገተው ሰው ካሣ ክፈል እንደ መባል ነው።

ፕሬዚዳንት ዣን-ፒየር ቧዬ በመድፍ ፊት ፈረመ። በካዝናው ግን ገንዘብ አልነበረም። የመጀመሪያውን 30 ሚሊዮን ለመክፈል ከፓሪስ ባንኮች ተበደረ፤ ባንኮቹ ኮሚሽናቸውን በቅድሚያ ስለቆረጡ እጁ የገባው 24 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ለፈረንሳይ ያለባቸውን ዕዳ ለመክፈል ከፈረንሳይ ተበደሩ፤ የብድሩን ወለድም ለፈረንሳይ ከፈሉ። በ1838 ጠቅላላው ካሣ ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢደረግም ከዚሁ ጋር የተያያዘው ብድር እየተገለባበጠ፣ በኋላም ወደ አሜሪካ ባንክ እየተዛወረ፣ ተከፍሎ ያለቀው በ1947 ነው። አስቡት፤ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ!

የተከፈለው በምንድን ነው? በዋናነት በቡና ቀረጥ። ገበሬው የለቀመው ቡና ትምህርት ቤት፣ መንገድና ሆስፒታል ሊሆን ሲገባው ፓሪስ ገባ። ኒው ዮርክ ታይምስ በ2022 ባወጣው ሰፊ ምርመራ፣ ይህ ገንዘብ አገር ውስጥ ቀርቶ ቢሠራበት ኖሮ ለሄይቲ ኢኮኖሚ ከ21 ቢሊዮን እስከ 115 ቢሊዮን ዶላር ይጨምር እንደነበር ገምቷል። ካሣው በተጫነ በ200 ዓመቱ፣ በሚያዝያ 2025፣ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ጉዳዩን የሚያጠና የሁለቱ አገሮች የታሪክ ምሁራን ኮሚሽን እንደሚቋቋም አስታውቀዋል።

ለሄይቲ ድህነት ሁሉ መነሻው ይህ ብቻ ነው ማለት አይደለም። የራሷ ጄኔራሎች መፈንቅለ መንግሥት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከ1957 እስከ 1986 አገሪቱን የረገጠው የዱቫልዬ አባትና ልጅ አገዛዝ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። አሜሪካም ከ1915 እስከ 1934 ሄይቲን፣ ከ1916 እስከ 1924 ዶሚኒካን ሪፐብሊክን በጦር ይዛ ገንዘባቸውን ተቆጣጥራለች። ሩጫውን ሲጀምሩ ግን አንዷ እግሯ ላይ ድንጋይ ታስሮባት እንደነበር መካድ አይቻልም።

ከጎረቤት ነጻ መውጣት

ብዙ የአሜሪካ አህጉር አገሮች የነጻነት ቀናቸውን የሚያከብሩት ከአውሮፓ ገዢዎቻቸው የተላቀቁበትን ዕለት ነው። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ በየካቲት 27 የምታከብረው ግን ከሄይቲ የተለየችበትን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1822 ቧዬ ጦሩን ይዞ ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ ገባና ደሴቲቱን አንድ አደረገ። በምሥራቁም ባርነትን አስቀረ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያንን መሬት ወረሰ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ለፈረንሳይ የሚከፈለው ዕዳ የምሥራቁም ሕዝብ እንዲከፍለው መደረጉ ነው። ስፔንኛ ተናጋሪው ነዋሪ «ባልበላሁት ዕዳ ለምን?» ማለቱ የሚጠበቅ ነበር። በ1838 ኹዋን ፓብሎ ዱዋርቴ የተባለ ወጣት ላ ትሪኒታሪያ የተባለ የምሥጢር ማኅበር አቋቋመ። የካቲት 27 ቀን 1844 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተመሠረተች።

የፈረንሳይ ደረሰኝ በዚህ መንገድ ሁለቱን ጎረቤታሞች ጭምር አጣላ። ሆኖም የጋራ ታሪካቸው ሁሉ ጠብ አይደለም። የዶሚኒካን መሪዎች በ1861 አገራቸውን መልሰው ለስፔን ሲያስረክቡ፣ ስፔንን ለማስወጣት የተነሱት አርበኞች መሸሸጊያና ድጋፍ ያገኙት ከሄይቲ ነበር።

አንዲት ቅጠል

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ኩባንያዎች በዶሚኒካን በኩል ሰፋፊ የሸንኮራ እርሻዎችን ከፈቱ። አገዳ የሚቆርጠው በአብዛኛው ከሄይቲ የመጣ ሠራተኛ ነው። ድንበሩ አካባቢ ደግሞ ሁለቱ ሕዝቦች ተጋብተውና ተዋልደው፣ በሁለቱም ቋንቋ እያወሩ ይኖሩ ነበር።

ከ1930 ጀምሮ አገሪቱን የገዛው ራፋኤል ትሩሂዮ ይህን መቀላቀል ጠላ። በእናቱ ወገን እሱም የሄይቲ ደም ነበረበት። በጥቅምት 1937 በሰጠው ትእዛዝ ወታደሮቹ በድንበሩ አካባቢ የሚኖሩ የሄይቲ ተወላጆችን በገጀራ ጨፈጨፉ። የሟቾቹ ቁጥር በተለያዩ ግምቶች ከብዙ ሺዎች እስከ 20,000 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ወታደሮቹ የፓርስሊ ቅጠል እያሳዩ ስሟን በስፔንኛ «ፔሬሂል» በሉ ይሏቸው እንደነበር ይነገራል። «ር» የምትለዋን ድምፅ እንደ ስፔንኛ ተናጋሪ ማንከባለል ያቃተው ሰው በአነጋገሩ ብቻ ይለያል። ድርጊቱም በታሪክ የፓርስሊ ጭፍጨፋ ተብሎ ቀረ። አንዲት የሾርባ ማጣፈጫ ቅጠል የሞትና የሕይወት ፈተና ሆነች።

ቁስሉ አሁንም አልደረቀም። በ2013 የዶሚኒካን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔ፣ እዚያው ተወልደው ያደጉ ከ100,000 በላይ የሄይቲ ስደተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ዜግነታቸውን አጡ። በቀጣዩ ዓመት የወጣ ሕግ ለአንዳንዶቹ ብቻ መፍትሔ ሰጠ። በ2022 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ በድንበሩ ላይ ግንብ መሥራት ጀመረች።

እኛና ሄይቲ

ከአድዋ ድል በኋላ በ1897 ቤኒቶ ሲልቫን የተባለ የሄይቲ ተወላጅ ምሁር አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር ተገናኝቷል። አውሮፓን በጦርነት ካሸነፉት ሁለቱ ጥቁር ሕዝቦች አንደኛው ሌላኛውን ሊጎበኝ መምጣቱ ነበር። ሲልቫን ከዚያ በኋላም ወደ ኢትዮጵያ ተመላልሷል፤ በ1900 ለንደን ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የፓን አፍሪካ ጉባኤ አዘጋጆች መካከልም ነበር።

በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር፣ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ጠንካራ ንግግር ካደረጉት መካከል የሄይቲው ተወካይ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ይገኙበታል። የንግግራቸው ፍሬ ነገር፣ ዛሬ በኢትዮጵያ ላይ የደረሰው ነገ በማናችንም ላይ ሊደርስ ይችላልና እንፍራ የሚል ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሚያዝያ 1966 በካሪቢያን ጉብኝታቸው ፖርት-ኦ-ፕራንስን ረግጠዋል። በክፉ ቀን ከጎናችን የቆመን ሕዝብ በድህነቱ ብቻ ማወቅ ለእኛ አይመጥነንም።

ድንበር የማያግደው ጠባይ

ስለ ጠባዩ ካነሳን፣ ሁለቱ ሕዝቦች ከሚያስቡት በላይ ይመሳሰላሉ። ዶሚኒካኖች ስፔንኛ ይናገራሉ፤ ለቤዝቦል ነፍሳቸውን ይሰጣሉ፤ ሜሬንጌና ባቻታ የተባሉት ሙዚቃቸውና ውዝዋዜያቸው በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ሄይቲዎች ደግሞ በየቀኑ የሚግባቡት በክሪዮል ነው። ከፈረንሳይኛና ከአፍሪካ ቋንቋዎች የተወለደው ይህ ቋንቋ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ከፈረንሳይኛ እኩል የመንግሥት ቋንቋ ሆኗል። ሥዕላቸው በዓለም የታወቀ ነው፤ ኮምፓ የሚባለው ሙዚቃቸውም የሜሬንጌ የቅርብ ዘመድ ነው። የሁለቱም ማዕድ ላይ ሩዝ ከባቄላ ዘሮች ጋር ተቀቅሎ ይቀርባል። ፕላንቴን የሚባለው የሚጠበስና የሚቀቀል ሙዝ በሁለቱም ቤት አለ።

በጥር 2010 የመሬት መንቀጥቀጥ ፖርት-ኦ-ፕራንስን ሲያፈራርስ ቀድመው ከደረሱት ረዳቶች መካከል ዶሚኒካኖች ነበሩ። በሰሜን ሄይቲ ሊሞናድ በተባለ ቦታ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሠርተው በስጦታ አስረክበዋል። ዳሃቦን በምትባለው የድንበር ከተማ ሰኞና ዓርብ የሚቆም ገበያ አለ። በሩ ሲከፈት የሄይቲ ሴቶች ጭነታቸውን በራሳቸው ተሸክመው ድልድዩን ያቋርጣሉ፤ ዶሚኒካኖቹ ሩዝ፣ እንቁላልና አትክልት ይዘው ይጠብቋቸዋል። በ2023 በወንዝ ውኃ ምክንያት መንግሥታቱ ተጣልተው ድንበሩ ሲዘጋ መጀመሪያ የተጎዱት የሁለቱም ወገን ነጋዴዎች ናቸው።

ልጆቻችሁ «ታዲያ ለምን አንዷ ደኸየች?» ብለው ከጠየቋችሁ «ሰነፎች ስለሆኑ» ወይም «ስለተረገሙ» የሚለውን አጭር መልስ አትስጧቸው። ቅኝ ገዢዎቹ ሁለቱን ወገኖች እንዴት ለየብቻ እንደቀረጿቸው፣ ስለ ደረሰኙና ስለ ፓርስሊዋ ቅጠል እንደ ዕድሜያቸው ንገሯቸው።

ከነገራችሁ በኋላ ደግሞ አብራችሁ ሾርባ ሥሩ። ሄይቲዎች በየዓመቱ ጥር 1 ቀን፣ በነጻነታቸው ዕለት፣ «ሱፕ ጁሙ» የሚባል የዱባ ሾርባ ይበላሉ። በባርነት ዘመን አብሳዮቹ ለጌቶቻቸው የሚሠሩት፣ ራሳቸው ግን እንዳይቀምሱት የተከለከለ ምግብ ነበር ይባላል። ስለዚህ ነጻ በወጡበት ቀን እሱኑ በሉ። በ2021 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ዓለምም አውቆታል። አሠራሩ ለእኛ ቤት እንግዳ አይደለም፤ ዱባውን ቀቅላችሁ ትፈጩታላችሁ፤ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ የታሸ የበሬ ሥጋ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ትንሽ ፓስታና አንድ ሚጥሚጣ የሚያስንቅ ቃሪያ ትጨምሩበታላችሁ። ከመውረዱ በፊት ደግሞ ጥቂት የተከተፈ ፓርስሊ ይነሰነስበታል።